ተጎታች ቤት ውስጥ የተደበቀ ፓምፕና ቧንቧ እንዴት ይገኛል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ያገለገለ ተጎታች ቤት ገዛሁ፤ ርዝመቱ 7 ሜትር ገደማ ይሆናል። መመሪያ መጽሐፉ አብሮት አልመጣም። ማንም ውሃ ሳይከፍት ፓምፑ በየጥቂት ደቂቃው ይነሳና ወዲያው ዝም ይላል። ሻወሩ በር አጠገብ ደግሞ ወለሉ ሲረገጥ ይሰረጉዳል። ፓምፑ ራሱ የት እንዳለ አላገኘሁትም። ቧንቧዎቹ በየት እንደሚያልፉ፣ ውሃው ተጠራቅሞ ከታች በየት እንደሚለቀቅም አላውቅም። ግድግዳ ሳላፈርስ እንዴት ልድረስባቸው?»

ከሁሉ በፊት መጋዙን ያስቀምጡት። እነዚህን ቤቶች ለብዙ ዓመታት ስፈታና ስገጥም ቆይቻለሁ። ውሃው ካበላሸው ይልቅ ውሃውን ሲፈልጉ የበሱትና የቆረጡት የከፋበት ቤት ደጋግሞ ገጥሞኛል። የእርስዎ ችግር በአብዛኛው በካቻቪቴ፣ በእጅ ባትሪና በትዕግሥት የሚደረስበት ነው።

ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳ። ተጎታች ቤት የሚሠራው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ የብረቱ ሻሲ አለ። በላዩ ወለሉ ይነጠፋል። የፍሳሽ ታንከሮቹ ከወለሉ ሥር ይሰቀላሉ። ቧንቧው ይዘረጋል፤ አልጋው፣ መቀመጫውና ቁምሳጥኑ በላዩ ይገጠማሉ። በብዙዎቹ የውጭ ግድግዳው የሚቆመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ግድግዳው ደግሞ ቀጭን ነው፤ ውስጡ ፎም ነው፤ ለብርድም የተጋለጠ ነው። ስለዚህ የውሃ መስመር በውጭ ግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ቧንቧው ወለሉ ላይ ከቁምሳጥኖቹ ጀርባና ሥር፣ አለዚያም ከወለሉ በታች ነው። ይህን ካወቁ የሚፈልጉበት ቦታ በጣም ጠበበ ማለት ነው።

አሁን ወደ ውጭ ይውጡ። ወረቀት፣ እርሳስና ሜትር ይያዙ። ቤቱን ከላይ ሆነው እንደሚያዩት አድርገው በወረቀቱ ላይ ይሳሉት። ከዚያ እየዞሩ ከውሃ ጋር የተያያዘውን ነገር ሁሉ እየለኩ ቦታ ቦታው ላይ ያስገቡ። የንጹህ ውሃው ታንከር የሚሞላበት ቀዳዳ አለ። የውሃ ጎማ የሚታሰርበት መግቢያ አለ። የቦይለሩ በር አለ። የውጭ ሻወርም ሊኖር ይችላል። እያንዳንዳቸው ከውስጥ በኩል ጓደኛ አላቸው። ከመሙያው ቀዳዳ ጀርባ ወፍራም ጎማ ወደ ታንከሩ ይወርዳል። ከቦይለሩ በር ጀርባ ወደ ውስጥ ግማሽ ሜትር ገደማ የሚገባ ሳጥን አለ፤ የሙቅ ውሃው መስመር የሚጀምረው ከዚያ ሳጥን ኋላ ነው። የውጭ ሻወሩም እንዲሁ ነው፤ ከጀርባው ሙቅና ቀዝቃዛ ቧንቧ ይመጣለታል።

ጣሪያውን ከመሰላል ላይ ሆነው ይመልከቱት፤ መውጣት አያስፈልግም። የፕላስቲክ ቆብ የደፉ አጫጭር ቧንቧዎች ያያሉ። እነሱ የፍሳሽ ታንከሮቹ መተንፈሻ ናቸው። አብዛኞቹ በቀጥታ ወደ ታች ይወርዳሉ። በወረቀትዎ ላይ ነጥብ ያድርጉላቸው፤ የፍሳሹ ቧንቧ የሚያልፍበትን የውስጥ ግድግዳ ይጠቁምዎታል።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሥር ይዩ። ከወለሉ ወደ ታች ብቅ ያሉ ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ጎን ለጎን ይፈልጉ። አንዳንዴ ቀይና ሰማያዊ ናቸው፤ አንዳንዴ ሁለቱም ነጭ ናቸው። ጫፋቸው ላይ ክዳን ወይም ትንሽ ቫልቭ አላቸው። ውሃው ከታች በየት እንደሚለቀቅ ለጠየቁት መልሱ እነሱ ናቸው፤ አንዱ የሙቁ፣ ሌላው የቀዝቃዛው ማፍሰሻ ነው። ከእነሱ በላይ ወለሉን አልፈው ሲገቡ የሚያገኙት ዋናውን መስመር ነው። ሦስተኛ ቧንቧ ለብቻው ካዩ የንጹህ ውሃው ታንከር ማፍሰሻ ሊሆን ይችላል።

የለኩትን ወደ ውስጥ ለማዛወር ከአንድ ቋሚ ቦታ መነሳት አለብዎት። እኔ የምመርጠው የጎማውን ጉልላት፣ ማለትም ጎማውን ከላይ የሸፈነውን ቅስት ነው፤ ከውጭም ከውስጥም ይታያል። ከጉልላቱ ጫፍ እስከ ቦይለሩ በር ከውጭ 1 ሜትር ከ20 ከሆነ፣ ውስጥም ያው ነው። ሌላም የምወደው ዘዴ አለ። ቁምሳጥኑን ከፍተው ጥልቀቱን ከውስጥ ይለኩት። ከዚያ የቁምሳጥኑን ሙሉ ጥልቀት ከራሱ ከቁምሳጥኑ ውጭ በኩል ይለኩ። ከውጭ 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ውስጡ 42 ብቻ ከሆነ፣ የጠፋው 18 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ነው። ያንን ቦታ ማንም ያለ ምክንያት አይተወውም። ቧንቧ፣ ሽቦ ወይም የማሞቂያ አየር ቱቦ ያልፍበታል።

ፓምፑን ለማግኘት መጀመሪያ ታንከሩን ያስቡ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 150 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ 150 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ብዙ ጊዜ ታንከሩን ወደ ጎማዎቹ አካባቢ ወይም ከእነሱ ወደ ፊት ያደርጉታል። ፓምፑም ከታንከሩ ብዙ አይርቅም። ከአልጋው ሥር፣ ከመመገቢያው መቀመጫ ሥር፣ ከታችኛው መሳቢያ ኋላ፣ ከውጭ የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ በቀጭን ጣውላ ተሸፍኖ፣ ወይም ከቦይለሩ ጎን ይሆናል። እኔ ከእነዚህ ውጪ ያገኘሁበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው።

ከዚያ ጆሮዎን ይጠቀሙ። ሬዲዮውም ማራገቢያውም ይጥፋ። ሌላ ሰው የወጥ ቤቱን ላቫንዲኖ በቀጭኑ ከፍቶ ይተወው፤ ፓምፑ ይሠራል። እርስዎ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ይስሙ። ድምፁ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ከመሰለዎት የመጥረጊያ እንጨት ይውሰዱ። አንዱን ጫፍ ወለሉ ወይም ጣውላው ላይ፣ ሌላውን ጆሮዎ ላይ ያድርጉ። ወደ ፓምፑ ሲጠጉ ልዩነቱ በግልጽ ይሰማዎታል። መዳፍዎን ማሳረፍም ይረዳል፤ በጣም የሚነዝረው ጣውላ ፓምፑ የታሰረበት ነው።

አሁን መክፈት እንጀምር። መጀመሪያ ግን ፓምፑን ያጥፉ፤ የኤሌክትሪኩን ገመድ ከውጭ ይንቀሉ፤ ባትሪውንም ያላቅቁ፤ ጋዙን ከሲሊንደሩ ይዝጉ። ቦይለሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ማብሪያውን ያጥፉት፤ ውሃ ሳይኖረው ቢበራ ማሞቂያው ወዲያው ይቃጠላል። ይህን በየትኛውም ሥራ አልዘለውም።

ፍራሹን ያንሱ። ከሥሩ ያለው ኮምፔንሳቶ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቪቴ ብቻ የተያዘ ነው፤ አንዳንዴም ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው። መሳቢያዎቹን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ባትሪ ያብሩበት። ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህንን ነው። መሳቢያው ሲወጣ የሚታየው ባዶ ቦታ ሠራተኛው እጁን ያስገባበት መንገድ ነው። የመሳቢያው ሐዲድ ጎን ላይ የሚጫን ትንሽ ፕላስቲክ ካለ ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ ይጫኑ። ከሌለ ፊቱን ትንሽ ከፍ አድርገው ይሳቡት። ከቁምሳጥኑ ሥር እንደ ዞኮሎ የተለጠፈችውን ጣውላም ይንኳት፤ ከኋላዋ ቧንቧ ያልፋል።

ጣውላ የተያዘበት ቪቴ ካልታየዎት ላዩን በጣትዎ ይዳስሱት። በእንጨቱ ቀለም የተሠሩ ክብ የፕላስቲክ ቆቦች አሉ፤ በጥፍር ይነሳሉ፤ ቪቴው ከሥራቸው ነው። የቪቴው ራስ ላይ ያለው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ነው። ለእሱ የተሠራውን ካቻቪቴ ያግኙ፤ በሌላ ከታገሉ ራሱ ይላጥብዎታል። ቆብ ከሌለ ደግሞ ጠርዙን የሸፈነውን ቀጭን ክፈፍ ይዩ። በጥቃቅን ሚስማር የተያዘ ነው። ስስ የቀለም መፋቂያ አስገብተው ከአንድ ጫፍ ቀስ እያሉ ያንሱት። ጣውላው የተጋጠመበት መስመርና የቪቴው ቦታ ከክፈፉ ሥር ይወጣል። እያንዳንዱን ነገር ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

ወደ ፓምፑ መነሳትና መቆም ልመለስ። ፓምፑ ውስጥ ግፊት የሚቆጣጠር ስዊች አለ። ሁሉም ሲዘጋ ግፊቱ ከፍ ይልና ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 55 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) ላይ ፓምፑ ይቆማል። ግፊቱ ሲወርድ እንደገና ይነሳል። ማንም ሳይከፍት ከወረደ ውሃው አንድ ቦታ እየወጣ ነው፤ ወይም ወደ ታንከሩ እየተመለሰ ነው። ሁለተኛውን መለየት ቀላል ነው። ፓምፑን ያጥፉና ከውጭ ውሃ በግፊት መቀነሻ በኩል ያስገቡ። የታንከሩን መጠን ምልክት ያድርጉበት። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ታንከሩ በራሱ ከሞላ፣ ፓምፑ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ ደክሟል። እንደዚያ ከሆነ ፓምፑ የሚነሳው በሚያፈስ ቧንቧ ምክንያት ላይሆን ይችላል።

ታንከሩ ካልሞላ፣ የሚታዩትን ቦታዎች አስቀድመው ይጨርሱ። ሶፍት ይያዙና መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይጥረጉ፤ ለዓይን የማትታይ ጠብታ ሶፍት ላይ ትታያለች። ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጀርባ ውሃ የሚገባበትን የፕላስቲክ ቫልቭ በደንብ ይዩት። ውሃ ሳይወጣለት ብርድ ያገኘው ቤት መጀመሪያ የሚሰነጠቅበት አንዱ ቦታ ያ ነው፤ ወለልዎ የሚሰረጉደውም እዚያው አካባቢ ነው። የሽንት ቤቱ ሳህን ውስጥም ቀስ እያለ የሚወርድ ውሃ ካለ ፓምፑን ያስነሳዋል። የቦይለሩን የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ከውጭ ይዩ። ከሥር ያሉትን ሁለት ማፍሰሻዎችም ይዳስሱ። የውጭ ሻወሩን አይርሱት።

እግረ መንገዴን የምነግርዎ አለ። ሙቅ ውሃዎ ለብ እያለ የሚመጣ ከሆነ የውጭ ሻወሩን ይመልከቱ። ሁለቱ መክፈቻዎች ክፍት ሆነው እጀታው ላይ ብቻ ከተዘጋ ሙቁና ቀዝቃዛው እዚያ ይቀላቀላሉ። ከቦይለሩ ጀርባ ያለው ባይፓስ ቫልቭ፣ ማለትም ውሃው ቦይለሩን ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርገው፣ ክፍት ከተረሳም እንዲሁ ነው።

የወለሉ ነገር ግን ለብቻው መታየት አለበት። ፓምፑን የሚያስነሳው ውሃና ወለሉን ያበሰበሰው ውሃ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ፓምፑን የሚያስነሳው በግፊት ካለው መስመር የሚወጣ ነው። ፍሳሹ ቢያፈስ ፓምፑ አያውቅም። ስለዚህ እንዲህ ይሞክሩ። አካባቢውን በቬንትሌተር በደንብ ያድርቁ። መጀመሪያ ቀን የምግብ ቀለም የተቀላቀለበት አንድ ባልዲ ውሃ በቀጥታ ወደ ሻወሩ ማፍሰሻ ያፍስሱ፤ ግድግዳውን አያርጥቡ። ቀለሙ ከታች ከወጣ ጥፋቱ የሲፎኑ ወይም የፍሳሽ መጋጠሚያው ነው። ካልወጣ በሁለተኛው ቀን ግድግዳውንና የበሩን ጠርዝ በሻወሩ ያርጥቡ። አሁን ከረጠበ ቧንቧ መፈለግዎን ይተዉ፤ ያረጀው ሲሊኮን ነው። ሁለቱም ካልሆኑ የሻወሩ መክፈቻ ጀርባ ያለው መጋጠሚያ ይቀራል። ይህንን ሙከራ ሳያደርግ የሻወር ወለል ያነሳ ሰው አውቃለሁ። ጥፋቱ የበሩ ጠርዝ ሲሊኮን ነበር።

ውሃ ደግሞ የወጣበት ቦታ አይቀመጥም። በወለሉ ፕላስቲክና በኮምፔንሳቶው መካከል ይሄድና ዝቅ ባለው በኩል ይታያል። ስለዚህ የውሃ ልክ ያስቀምጡና ቤቱ ወዴት እንዳዘነበለ ይዩ። የረጠበውን ካገኙ ከፍ ወዳለው አቅጣጫ ይከተሉት።

የሻወሩ መክፈቻ ጀርባ የሚደረሰው አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳው ማዶ ነው። ማዶው ቁምሳጥን ከሆነ ልብሱን ያውጡና በቪቴ የተያዘች አራት ማዕዘን ጣውላ ይፈልጉ። ማዶው አልጋ ከሆነ ከራስጌው በታች ይሆናል። ሲፎኑ ከሻወሩ ወለል ሥር ነው። ወለሉ ከፍ ብሎ ከተሠራ የፊቱ ቋሚ ሽፋን ይነሳል፤ ሲሊኮኑን በስለት ይቁረጡና ቪቴዎቹን ይፍቱ። ከፍ ካላለ መንገዱ ከተጎታች ቤቱ ሥር ነው።

ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ ካልታየዎት ሙቅ ውሃ ይጠቀሙ። ቦይለሩን በደንብ ያሙቁና አንዱን መክፈቻ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ይክፈቱ። በባዶ እግርዎ ወለሉ ላይ ቀስ ብለው ይሂዱ። ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ካለዎት የተሻለ ነው። ቀዝቃዛው መስመር ብዙ ጊዜ ከሙቁ ጎን አብሮ ይሄዳል። ከስልክ ጋር የሚገናኝ ቀጭን ካሜራም ለዚህ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ቧንቧው ወለሉን በሚያልፍበት ቀዳዳ፣ በላቫንዲኖው ሥር፣ በማሞቂያው የአየር መውጫ በኩል ይገባል።

ከሥር መግባት ግድ ከሆነ እባክዎ ይጠንቀቁ። ቤቱ ሲቆም እንዳይወዛወዝ የሚወርዱት የማዕዘን እግሮች ክብደት ለመሸከም የተሠሩ አይደሉም። ጎማዎቹን በታኮ ይያዙ፤ ሻሲውን በጠንካራ ስታንድ ይደግፉ። በክሪክ ብቻ ተነስቶ ከቆመ ነገር ሥር በፍጹም አይግቡ። ሆዱን የሸፈነው ብዙ ጊዜ ውስጡ ቦይ ቦይ ያለው ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ወደ ታች ያበጠ ቦታ ካዩ ውሃ ተጠራቅሞበታል። መነጽርና ጓንት አድርገው ከጎን ሆነው ዝቅተኛው ቦታ ላይ በጥንቃቄ ይብሱት፤ ፊትዎን ከሥሩ አያድርጉ፤ የፍሳሽ ውሃ ሊሆን ይችላል። ያ እብጠት በራሱ ጥፋቱ ወደየት እንዳለ ይነግርዎታል። ከዚያ ሽፋኑን ሁሉ አያውርዱ። የአንዱን ጠርዝ ቪቴዎች ፈተው ወደ ታች ያጥፉት። ካልበቃ በሁለት የብረት አግዳሚዎች መካከል ሦስት ጎኑን ቆርጠው እንደ መዝጊያ ያንጠልጥሉት። ሲጨርሱ በሰፊ ዋሸርና ውሃ በሚከላከል ፕላስተር ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ መንገድ ከጠፋ ብቻ ይቁረጡ። ቁምሳጥን ውስጥ ወይም ከአልጋው ሥር፣ የማይታይ ቦታ ይምረጡ። መጀመሪያ የውስጡን ጣውላ ብቻ የምትበሳ፣ 10 ሚሊ ሜትር የሆነች ቀዳዳ በትራፓኖ ይብሱና ካሜራውን ያስገቡ። ከኋላ ሽቦ ወይም የጋዝ ቧንቧ እንደሌለ ካዩ በኋላ በእጅ መጋዝ ወይም ጥልቀቱ በሚገደብ መቁረጫ የጣውላውን ውፍረት ብቻ ይቁረጡ። የውስጥ ጣውላዎቹ ብዙ ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው። ሁለት እጅ የሚያስገባ ስፋት ይስጡት፤ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ነው። የቆረጡትን መልሰው አይለጥፉት። በቪቴ የሚከፈት ክዳን ያድርጉለት።

መጋጠሚያው ጋ ሲደርሱ የፕላስቲክ ፍሬ ያለው ከሆነ አስቀድመው በእጅዎ ያጥብቁት። መንገድ ላይ የሚደርስበት መንቀጥቀጥ ያላላዋል። በፒንሳ ብዙ ከተጠመዘዘ ይሰነጠቃል። ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1995 በፊት የተሠራ ሆኖ ቧንቧው ግራጫ ከሆነ ፖሊቡቲሊን የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ሊሆን ስለሚችል፣ ለእሱ የሚሆን ማሸጋገሪያ ፊቲንግ ይጠይቁ። ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፔክስ የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፤ ተገፍቶ የሚገባው ፊቲንግ ለጠባብ ቦታ ይመቻል።

ከጠገኑ በኋላ ጣውላውን ወዲያው አይዝጉ። መስመሩ ውስጥ ያለውን አየር በየመክፈቻው ያስወጡ፤ ሁሉንም ይዝጉ፤ ፓምፑ ይሙላና ይቁም። ከመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት ዘርግተው ፓምፑ እንደበራ ሌሊቱን እርስዎ እዚያው ይደሩ። ፓምፑ ሌሊቱን ካልተነሳ፣ ሶፍቱም ጠዋት ደረቅ ከሆነ፣ ቪቴዎቹን ይመልሱ። ወለሉን ግን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አይሸፍኑት፤ በመስፊያ ጫፍ ሲወጉት አሁንም የሚገባልዎት ከሆነ ያ ክፍል ተቆርጦ መቀየር አለበት።